ጀማሪው ኢንዛይም እና ያልተጠየቀው «ለምን?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሥነ ሕይወት ተማሪ የፊዚክስ ፈተና ውጤቷን ልትጠይቅ ወደ ቢሮዬ መጣች፡፡ የያዘችውን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው የተገለጠው ገጽ ዓይኔን ሳበው፡፡ ለሁለት የተከፈለ የዲኤንኤ ሥዕል ነበረበት፤ በዙሪያውም የኢንዛይሞች ስም ተደርድሯል፡፡ ስለ ሥዕሉ ብጠይቃት ትንፋሽ ሳትሰበስብ ዘረዘረችልኝ፡፡ ሄሊኬዝ ሁለቱን ሰንሰለቶች ይለያያል፤ ፕራይሜዝ ፕራይመር የተባለ አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ይሠራል፤ ፖሊመሬዝ ከፕራይመሩ ጫፍ ተነሥቶ ዲኤንኤውን ይገነባል፤ በኋላም ፕራይመሩ ተነሥቶ በዲኤንኤ ይተካል፤ በመጨረሻም ላይጌዝ መጋጠሚያውን ይዘጋል፡፡ አንድም ስህተት አልነበረባትም፡፡

«መልካም ነው፡፡ ግን የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ይሠራል? ለምንስ በአርኤንኤ?» አልኳት፡፡

ጥቂት አሰበችና፣ «መምህር፣ እሱ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» አለችኝ፡፡

ተማሪዋ እውነቷን ነው፡፡ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ፈተናውን የምናወጣው እኛ መምህራን ነን፡፡ በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ ፕራይመር በቃል ከሚጠኑ ስሞች አንዱ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ከባድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል በር አልፎ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎችንም ይመለከታል፡፡ ሦስተኛ፣ ጥያቄውን ትተን መልሱን ብቻ ስናስተምር ተማሪዎቻችን ሳይንስን የስም ዝርዝር አድርገው እንዲቆጥሩት እያደረግን ነው፡፡

መቀጠል የሚችል፣ መጀመር የማይችል

ዲኤንኤ በአራት ዓይነት «ፊደላት» የተጻፉና እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች እንዳሉት አንባቢ ያውቃል፡፡ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ይህን ጽሑፍ በሙሉ መገልበጥ ይኖርበታል፡፡ ዲኤንኤን የሚገለብጠውን ኢንዛይም፣ ማለትም ዲኤንኤ ፖሊመሬዝን፣ ኢ. ኮላይ ከተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ አርተር ኮርንበርግ ነው፡፡ ሥራው የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አድርጎታል፡፡

ኢንዛይሙ አንድ እንግዳ ጠባይ ነበረው፡፡ የሚገለበጥ ሰንሰለትና በቂ ፊደላት ቢቀርቡለትም ከባዶ ሊጀምር አይችልም፡፡ አዲሱን ፊደል የሚቀጥልበት ቀድሞ የተጀመረ ጫፍ ይፈልጋል፡፡ ከዚያ በኋላ የተገኙት ዋና ዋና ዲኤንኤ ገልባጮችም በዚህ ጠባይ አንድ ናቸው፡፡ እንግዲህ ሁሉም መቀጠል ብቻ የሚችሉ ከሆነ የሚጀምረው ማን ነው?

ይህ ችግር በአንድ ቅጂ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆን ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር፡፡ ነገር ግን ሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ ፖሊመሬዝ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጽፋል፡፡ ስለዚህ ዲኤንኤው እየተከፈተ ሲሄድ አንደኛው ሰንሰለት ያለማቋረጥ ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ኋላ እየተመለሱ በቁርጥራጭ መገልበጥ የግድ ይሆናል፡፡ እነዚህን ቁርጥራጮች እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ያስተዋወቁት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሬይጂና ጹኔኮ ኦካዛኪ በመሆናቸው ቁርጥራጮቹ በስማቸው ይጠራሉ፡፡

ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል፡፡ የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ 4.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ፊደላት አሉት፡፡ ቅጂው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሁለት አቅጣጫ ይጓዛል፡፡ ፍጥነቱ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 1,000 ፊደል ገደማ ነው፡፡ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ 2.3 ሚሊዮን ፊደል ስለሚደርሰው ሥራው 2,300 ሰከንድ፣ ማለትም 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፡፡ የኦካዛኪ ቁርጥራጮች በባክቴሪያ ውስጥ ከ1,000 እስከ 2,000 ፊደል ይረዝማሉና ለአንድ ሙሉ ቅጂ ከ2,300 እስከ 4,600 የሚደርሱ ቁርጥራጮች ያስፈልጋሉ፡፡ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ መነሻ ሊኖረው ይገባል፡፡ ስለዚህ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰከንዱ አንድ አዲስ ጅምር አለ ማለት ነው፡፡

ይህን ጅምር የሚሠራው ፕራይሜዝ ነው፡፡ የኢ. ኮላይ ፕራይሜዝ 581 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ሲሆን፣ ሰንሰለቱን ከሚከፍተው ሄሊኬዝ ጋር ይገናኛል፤ ብዙውን ጊዜ ሲ-ቲ-ጂ የሚል የፊደል ቅደም ተከተል ያለበትን ቦታ ይመርጣል፤ ሁለት ነጻ የአርኤንኤ ፊደላትን አገናኝቶ ይጀምርና 11 ፊደል ገደማ ጽፎ ያቆማል፡፡ የቀረውን ለፖሊመሬዝ ይተዋል፡፡

የአንድ የታወቀ መድኃኒት ምስክርነት

ጅምሩ አርኤንኤ መሆኑ እንዴት ታወቀ? በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተከታተለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ሽንትን ወደ ብርቱካን ቀለም የሚለውጠውን ሪፋምፒሲን ያውቀዋል፡፡ ይህ መድኃኒት የባክቴሪያውን አርኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ ማለትም የዘረ-መልን መልእክት በአርኤንኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም ያግዳል፡፡ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝን ግን አይነካም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1971 ዳግላስ ብሩትላግ፣ ራንዲ ሼክማንና ኮርንበርግ ይህንን መድኃኒት ለጥያቄ ተጠቀሙበት፡፡ ኤም 13 የተባለው ቫይረስ ባክቴሪያን ሲያጠቃ ይዞ የሚገባው ባለ አንድ ሰንሰለት ዲኤንኤ ነው፤ በባክቴሪያው ውስጥ በመጀመሪያ ወደ ባለ ሁለት ሰንሰለት መለወጥ አለበት፡፡ ተመራማሪዎቹ ሪፋምፒሲን ሲጨምሩ ይህ ለውጥ ቆመ፡፡ አርኤንኤ የሚሠራው ኢንዛይም ሲታገድ ዲኤንኤ መሥራት ለምን ይቆማል?

ተጠራጣሪ ሰው፣ «አርኤንኤ ከሌለ ፕሮቲን አይሠራም፤ የቆመውም አንድ አስፈላጊ ፕሮቲን በመታጣቱ ይሆናል» ሊል ይችላል፡፡ ይህንን ለመፈተን ክሎራምፌኒኮልን ተጠቀሙ፡፡ ይህ መድኃኒት የፕሮቲን ሥራን ያቆማል፡፡ የቫይረሱ ዲኤንኤ ለውጥ ግን አልቆመም፡፡ ሪፋምፒሲንን በሚቋቋም ባክቴሪያ ውስጥም ሪፋምፒሲን ለውጡን አላቆመውም፡፡ እንግዲህ የሚያስፈልገው አርኤንኤው ራሱ ነበር፤ ለዲኤንኤው ጅምር ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው፡፡

ታሪኩ በዚህ አላበቃም፡፡ ፋይ-ኤክስ 174 የተባለው ሌላ ቫይረስ ተመሳሳይ ለውጥ ቢያስፈልገውም ሪፋምፒሲን አላገደውም፡፡ ስለዚህ ሪፋምፒሲን የማይነካው ሌላ ጀማሪ መኖር ነበረበት፡፡ ከኮርንበርግ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ጥናት ይህ ጀማሪ ዲኤንኤ-ጂ የተባለው ዘረ-መል ውጤት መሆኑን አሳየ፡፡ ዛሬ ፕራይሜዝ የምንለው እርሱን ነው፡፡

በተማሪዋ ደብተር ላይ አንድ መስመር የሆነው ነገር የተገኘው እንዲህ ባለ የጥያቄና የጥርጣሬ ሰንሰለት ነው፡፡ ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ አይደለም፡፡ ሪፋምፒሲንን የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ በአገራችንም አለ፡፡ የባክቴሪያ ፕራይሜዝ ከሰው ፕራይሜዝ በቅርጹ የተለየ በመሆኑ ተመራማሪዎች ለአዲስ መድኃኒት ዒላማ አድርገው ያጠኑታል፤ ለሕክምና የበቃ መድኃኒት ግን ገና አልተገኘለትም፡፡ ይህን ሥራ ወደፊት የሚሠራው ሰው የኢንዛይሙን ስም ብቻ ሳይሆን ሕዋሱ ለምን እንደሚያስፈልገው የተረዳ መሆን አለበት፡፡

ትክክለኛነት ዋጋ ያስከፍላል

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፡፡ ፕራይሜዝ መጀመር ከቻለ ፖሊመሬዝ ለምን አልቻለም? ተፈጥሮ መጀመርንም መቀጠልንም የሚችል አንድ ኢንዛይም ብትሠራ ምን ነበረበት?

የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ የቦልትዝማንን ስሌት ያስታውስ፡፡ ትክክለኛው ፊደል ከጥንዱ ጋር ሲገጥም የተሳሳተው ፊደል ከሚገጥመው ይልቅ በኃይል የተሻለ ይረጋጋል፡፡ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፡፡ ለምሳሌ ያህል 12 ኪሎጁል በሞል ነው እንበል፡፡ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ኃይል 2.6 ኪሎጁል በሞል ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ልዩነት ብቻ የሚመራ ገልባጭ ከመቶ ፊደል አንዱን ይሳሳታል፡፡ በ4.6 ሚሊዮን ፊደል ላይ ይህ 46,000 ስህተት ነው፡፡ እንዲህ ባለ ቅጂ ሕይወት ሊቀጥል አይችልም፡፡

የባክቴሪያው ዋና ገልባጭ ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፡፡ የጥንዱን ቅርጽ አጥብቆ በመምረጥ ስህተቱን ከመቶ ሺህ ፊደል ወደ አንድ ገደማ ያወርደዋል፡፡ ቀጥሎም የጻፈውን ያርማል፡፡ የመጨረሻው ፊደል በትክክል ካልገጠመ ወደፊት መሄዱ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ የተሳሳተው ፊደል ተቆርጦ ይወጣል፤ እንደገናም ይጻፋል፡፡ በዚህ እርማት ስህተቱ ከአሥር ሚሊዮን ፊደል ወደ አንድ ገደማ ይደርሳል፡፡ ከኋላ የሚመጡ ሌሎች አራሚዎች ሲጨመሩበት በብዙ መቶ ቅጂዎች አንድ ስህተት ብቻ ይቀራል፡፡

ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ ይህ ገልባጭ የሚያርመው ከኋላው ያለው ጫፍ በትክክል መግጠሙን እየመረመረ ነው፡፡ በትክክል የገጠመ ጫፍ ካላገኘ አይቀጥልም፡፡ ጫፍ ከነጭራሹ በሌለበት ቦታማ እንዴት ይጀምር? መጀመር አለመቻሉ የትክክለኛነቱ ሌላው ገጽታ ነው፡፡ በአንጻሩ ከባዶ የሚጀምር ኢንዛይም ምንም የኋላ ጫፍ ሳይጠይቅ ሁለት ነጻ ፊደላትን መቀበል አለበት፤ ሁለት ፊደል ብቻ የያዘ ጅምር ደግሞ በሙቀት ንዝረት በቀላሉ የሚለያይ ነው፡፡ ስለዚህ ጀማሪው የራሱን ጅምር አጥብቆ ሊመረምር አይችልም፡፡ ፕራይሜዝ ፖሊመሬዝ ያለው የእርማት ችሎታ የለውም፡፡

እንግዲህ ጅምሮቹ በቅጂው ውስጥ ቢቀሩ ምን ይሆናል? ከ2,300 እስከ 4,600 ጅምሮች፣ እያንዳንዳቸው 11 ፊደል ቢሆኑ በጠቅላላው ከ25,000 እስከ 50,000 ፊደላት ይሆናሉ፡፡ ይህ ከሙሉው ጽሑፍ አንድ በመቶ ያህል ነው፡፡ ጀማሪው ከሺህ ፊደል አንዱን ይሳሳታል ብለን ብንገምት በአንድ ቅጂ ከ25 እስከ 50 ስህተት ያስገባል፡፡ ዋናው ገልባጭ ግን ከነእርማቱ በሁለት ቅጂ አንድ ስህተት ያህል ነው የሚሠራው፡፡ አንድ በመቶ የሆነው ጅምር የዘጠና ዘጠኝ በመቶውን ጥንቃቄ ከንቱ ባደረገው ነበር፡፡

መፍትሔው ጅምሩን ማጥፋት ነው፤ ለማጥፋት ደግሞ መለየት ያስፈልጋል፡፡ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመስፋቱ በፊት በሌላ ቀለም ክር ላላ አድርጎ ያያይዘዋል፤ ዋናው ስፌት ካለቀ በኋላ ያንን ክር መዝዞ ያወጣዋል፡፡ የክሩ ቀለም የተለየ በመሆኑ የትኛውን እንደሚመዝ አይሳሳትም፡፡ አርኤንኤ ለሕዋሱ እንደዚያ ያለ ክር ነው፡፡ ከዲኤንኤ የሚለየው በዋናነት በእያንዳንዱ ስኳር ላይ ባለች አንዲት ተጨማሪ የኦክስጅን አቶም ነው፡፡ ይህች አቶም «እኔ ጊዜያዊ ነኝ» የምትል ምልክት ሆና ታገለግላለች፡፡ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ 1 የተባለው፣ መጀመሪያ ኮርንበርግ ያገኘው ያው ኢንዛይም፣ ከፊቱ ያለውን አርኤንኤ እያነሣ ከኋላው ዲኤንኤ ይሞላል፡፡ ከዚያም ላይጌዝ ይዘጋዋል፡፡ ሕዋሱ ኃይል አውጥቶ የሠራውን ኃይል አውጥቶ ይተካዋል፡፡ ትክክለኛነት በኃይል የሚገዛ ነገር መሆኑን የፊዚክስ ሊቁ ጆን ሆፕፊልድ እ.ኤ.አ. በ1974 በስሌት አሳይቷል፡፡ ይኸው ሰው በሌላ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል፡፡

መልሱ ብቸኛ ነውን?

ከላይ የሰጠሁት ማብራሪያ የራሴ ግኝት አይደለም፤ ብሩስ አልበርትስና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ታዋቂ የሕዋስ ሥነ ሕይወት መማሪያ መጽሐፍም ይሰጠዋል፡፡ ብቸኛ ነው ብዬም አልከራከርም፡፡ አንዳንዶች የአርኤንኤው ጅምር ከዲኤንኤ በፊት ሕይወት በአርኤንኤ ትመራ ከነበረበት ጥንታዊ ዘመን የተረፈ ቅርስ ሊሆን ይችላል ይላሉ፡፡ በሕዋስ ውስጥ የአርኤንኤ ፊደላት ከዲኤንኤ ፊደላት እጅግ የበዙ በመሆናቸው ሁለት ነጻ ፊደላትን አገናኝቶ ለመጀመር እነርሱ ይቀላሉ የሚል የኬሚስትሪ ምክንያትም አለ፡፡ ልዩ ሁኔታዎችም አሉ፡፡ አዴኖቫይረስን የመሳሰሉ ቫይረሶች የሚጀምሩት በፕሮቲን ላይ ነው፡፡ በሰው ሕዋስ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ፕራይምፖል የተባለ ኢንዛይም በዲኤንኤ ፊደላት መጀመር ይችላል፡፡

በሌላ በኩል የባክቴሪያና የሰው ፕራይሜዝ በቅርጻቸው ዝምድና የሌላቸው ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው፡፡ ሁለቱም ግን የዘወትር ቅጂን በሚጠፋ አርኤንኤ ያስጀምራሉ፡፡ ይህ የትክክለኛነቱን ማብራሪያ ያጠናክረዋል እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይሆንም፡፡ ተማሪ እነዚህን ሐሳቦች እርስ በርስ ሲያመዛዝን ሳይንስን እየሠራ ነው፡፡ ስም ሲያጠና ግን ገና ለመሥራት እየተዘጋጀ ነው፡፡

ምን ይደረግ?

የሥራ ባልደረቦቼ የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፡፡ ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ስሙን ያላወቀ ተማሪ ስለ ምክንያቱ ሊጠይቅ አይችልም ይላሉ፡፡ የመጨረሻው ነጥብ ትክክል ነው፡፡ ስም ያስፈልጋል፡፡ እኔም ሄሊኬዝና ላይጌዝ ከትምህርቱ ይውጡ አላልኩም፡፡ ነገር ግን አምስት ስም ለማስጠናት ከምናጠፋው ሰዓት ሩቡን ለአንድ «ለምን» ብንሰጠው አምስቱ ስሞች ራሳቸው በቀላሉ ይያዛሉ፡፡ ፕራይመር ለምን መጥፋት እንዳለበት የገባው ተማሪ የሚያጠፋ፣ የሚሞላና የሚዘጋ ኢንዛይም እንደሚያስፈልግ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል፡፡

ሁለተኛው ነገር በትምህርት ክፍሎቻችን መካከል ያቆምነው ግድግዳ ነው፡፡ የዲኤንኤን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1953 ካቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ክሪክ የተማረው ፊዚክስ ነበር፡፡ የፊዚክስ ሊቁ ኤርዊን ሽሮዲንገርም እ.ኤ.አ. በ1944 ሕይወት ምን እንደሆነች የሚጠይቅ መጽሐፍ አሳትሟል፡፡ እኛ ግን የሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችን ፊዚክስን እንደ ቅጣት እንዲቆጥሩት፣ የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ደግሞ ሥነ ሕይወትን የሽምደዳ ትምህርት ነው ብለው እንዲንቁት አድርገናል፡፡ እኔ ራሴ ስለ ፕራይመር በቁም ነገር ያሰብኩት ዶክትሬቴን ከያዝኩ በኋላ ነው፡፡ ተማሪዎቼ ያን ያህል ሊዘገዩ አይገባም፡፡

ከዚያች ተማሪ ጋር ከተነጋገርን በኋላ በቴርሞዳይናሚክስ ፈተናዬ ውስጥ አንድ ጥያቄ ማካተት ጀምሬያለሁ፡፡ ለአንባቢም እነሆ፡፡ የአንድ ባክቴሪያ ፕራይሜዝ በ11 ፊደል ፈንታ 100 ፊደል እየጻፈ የሚያቆም ቢሆንና ሌላው ሁሉ ባይለወጥ፣ ሕዋሱ ለማጥፋትና ለመተካት የሚያወጣው ወጪ በስንት እጥፍ ያድጋል? ፕራይመሩ ሦስት ፊደል ብቻ ቢሆንስ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምን ያጋጥመዋል? የመጀመሪያውን በማባዛት፣ ሁለተኛውን ከላይ ባየነው የሙቀት ኃይል መመለስ ይቻላል፡፡ ሁለቱን ከመለሳችሁ በኋላ የኢ. ኮላይ ፕራይመር ለምን 11 ፊደል ገደማ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሳችሁንም ለመምህራችሁ ወስዳችሁ ተከራከሩት፡፡ «ፈተና ላይ አይመጣም» ካላችሁ፣ እንዲመጣ ጠይቁት፡፡